የአንዲት አህያ መዝገብ፦ ከኮምቦልቻ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በ2015 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ በአንዲት አህያ ላይ የደረሰ ጉዳት በሕግ መንገድ እንዴት እንደተያዘ የሚተርክ ነው። የአህያዋን ባለቤት በነጻ የሕግ ምክር የረዳኋት እኔ ነኝ። ባለጉዳዮቹ ዛሬም አጥር ለአጥር የሚኖሩ ጎረቤታሞች ስለሆኑ ስማቸውን፣ ሰፈራቸውንና የተስማሙበትን የገንዘብ መጠን አልጠቅስም።

የአህያዋ ባለቤት ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ከቦርከና ወንዝ ዳር አሸዋ፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ በጀሪካን ውሃ እያመላለሰች ትኖራለች። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ አህያዋን እየነዳች ከከተማው ወጣች፤ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤተሰቡ ገቢ በሙሉ ከዚህች እንስሳ ነው።

የሆነው ነገር በየሰፈሩ የሚሆን ነው። አንድ ማለዳ ገመዱ ተፈታ፤ አህያዋ በተሰበረው አጥር ገብታ የጎረቤቱን ጎመን ጋጠች። ሰውየው ገጀራ ይዞ ወጣ። አባረራት፤ አህያዋም ሸሸች። ከግቢው ወጥታ መንገድ ከያዘች በኋላ ደርሶባት ግራ ታፋዋን ከኋላ መታት።

ባለቤቲቱ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ፖሊስ ነበር። የተቀበላት መርማሪ በትሕትና፣ «እህቴ፣ ይሄ እኮ የአህያ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ይዘሽ ጨርሺው» ብሎ መለሳት። መርማሪው ክፉ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ የስርቆትና የድብደባ መዝገብ ተከምሮበታል። ነገር ግን ያ አንድ ዓረፍተ ነገር በአገራችን ስንት የእንስሳት ጉዳት ያለ አንዳች ጽሑፍ እንደሚቀር ያሳያል። ሽምግልናን አልጠላም፤ ይህ ጉዳይም በመጨረሻ ያለቀው በሽማግሌዎች ነው። ማስረጃ ሳይያዝ፣ ቁስሉ በባለሙያ ሳይታይ የሚደረግ ሽምግልና ግን ሁለቱን ሰዎች ያስታርቅ ይሆናል እንጂ ለተመታችው እንስሳ የሚያተርፍላት ነገር የለም።

ሕጉ ምን ይላል

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 689 የሌላ ሰው ንብረት ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስ በመቀጮ ወይም በቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ቀላል እስራት በመርሕ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። አህያ በዚህ ሥር የምትገባው ንብረት በመሆኗ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1127 ተንቀሳቃሽ ነገሮችን ሲገልጽ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱትንና ሰው ሊያንቀሳቅሳቸው የሚችለውን በአንድነት ያስቀምጣል። እንስሳት የሚገኙት በዚህ «በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ» በሚለው ውስጥ ነው፤ ከወንበርና ከብረት ድስት ጋር በአንድ አንቀጽ።

ይህን ለባለቤቲቱ ሳስረዳ ተከፋች። እኔም ሁልጊዜ እከፋበታለሁ። የምትደማ፣ የምትፈራ፣ ባለቤቷን በድምፅ የምትለይ ፍጡር በዋጋዋ ብቻ ስትመዘን መስማት ያማል። በ2009 ዓ.ም. የቢሾፍቱ የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ መዘጋቱን፣ በየካቲት 2016 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲታገድ መወሰናቸውን ሳስብ፣ ለአህያ ዘር በጠቅላላው የተሰጠው ትኩረት ለአንዷ አህያ ለምን እንደሚያንስ እጠይቃለሁ። ቢሆንም በእጄ የነበረው በር የንብረት በር ነው፤ የተሻለ እስኪከፈት ቆሜ ብጠብቅ ቁስሉ አይጠብቀኝም ነበር።

ይህ ወንጀል የሚያስከስሰው ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 13 እንደሚለው ያለ አቤቱታ ክሱ አይጀመርም። መንገደኛ ቢያይ፣ ጎረቤት ቢያዝን፣ እኔ ብጮህ ዋጋ የለውም፤ ባለቤቷ ራሷ መፈረም አለባት። አቤቱታውን በጽሑፍ አዘጋጅተን ወደዚያው መርማሪ ተመለስን። አንቀጹን አሳየሁት፤ አነበበውና ያለ ክርክር መዘገበው። ገጀራውም በኤግዚቢትነት ተያዘ።

ወረቀቱ

ጉዳዩን የወሰነው የሐኪሙ ወረቀት ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ሰው ሲደበደብ ፖሊስ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል፤ የሐኪም ማስረጃ ይመጣል፤ መዝገቡ ላይ ይያያዛል። ለእንስሳ ይህ ልማድ የለም። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ያለባት ከተማ ናት፤ ደሴ ላይ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ባለሙያ ሩቅ አይደለም ማለት ነው። የሚጎድለው ከተመታች እንስሳ ጋር ሄዶ «ያዩትን ይጻፉልኝ» የሚል ሰው ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት፣ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ቁስሉን ከማጠቡ በፊት በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ መጠኑ እንዲታወቅ እስክሪብቶ ከጎኑ አስቀምጦ። ከዚያ አጠበ፣ የሞተውን ሥጋ አነሳ፣ ሰፋ። አህያና ፈረስ ለቴታነስ በጣም የተጋለጡ ስለሆኑ አብዝቶ የሰጋው ከዚያ ነበር፤ ባለቤቲቱ ምን ምልክት መጠበቅ እንዳለባት ደጋግሞ ነገራት። በመጨረሻ ተቀምጦ ጻፈ።

የጻፈው አጭር ነበር፤ ሦስት ነገሮችን ግን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጧል። አንደኛ፣ የቁስሉ ጠርዝ ቀጥ ያለና ንጹሕ ስለሆነ የተቆረጠው በስለት እንጂ በአጥር ሽቦ ወይም በእንጨት አይደለም። ሁለተኛ፣ ምቱ ከኋላና ከላይ ወደ ታች የመጣ ነው፤ እንስሳዋ ፊቷን አዙራ ስትሄድ የደረሰ መሆኑን ያሳያል። ሦስተኛ፣ ቋንጃዋ አልተበጠሰም፤ የታፋዋ ጡንቻ ግን በጥልቀት ስለተቆረጠ ብትድንም እንደ ቀድሞው ከባድ ጭነት ልትሸከም አትችልም።

አራተኛም ነበረ። ጀርባዋ ላይ ከጆንያና ከገመድ መፋተግ የመጣ የቆየ ቁስል አየ፤ እሱንም ጻፈው። ባለቤቲቱ ደነገጠች፤ ይህኛው እንዳይጻፍ ለመነችው። ሐኪሙ፣ «እትዬ፣ የማየውን ሁሉ ካልጻፍኩ የሚጠቅምዎትንም የሚያምን አይኖርም» አላት። ትክክል ነበር። ያ አራተኛው መስመር ኋላ ላይ ብዙ ጣጣ አመጣ፤ የወረቀቱን ተአማኒነት ያጸናውም ግን እሱ ነው።

እኔ በበኩሌ ደሙ የጀመረበትን ቦታ ፎቶ አስነሳሁ። የመጀመሪያው የደም ጠብታ የተገኘው ከግቢው ውጭ፣ መንገዱ ላይ ነበር። ዝናብ ቢጥል በአንድ ሰዓት የሚጠፋ ማስረጃ ነው።

ከዐቃቤ ሕግ እስከ ችሎት

ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ሲመረምር ያነሳው ጥያቄ ተገቢ ነበር፦ ሰውየው ንብረቱን እየተከላከለ ቢሆንስ? ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ክስ ቢተው እንኳ መንገዱ አይዘጋም ነበር። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 42(1)(ሀ) እና 44 መሠረት፣ በአቤቱታ ብቻ በሚያስከስስ ወንጀል ዐቃቤ ሕጉ በማስረጃ ማነስ ክስ አላቀርብም ካለ፣ ተበዳዩ የግል ክስ እንዲያቀርብ በጽሑፍ ይፈቅድለታል። ይህን ድንጋጌ ብዙ ባለጉዳይ አያውቀውም፤ እኛ ግን ተዘጋጅተንበት ነበር። አላስፈለገም። ዐቃቤ ሕጉ የምቱን አቅጣጫና ከግቢው ውጭ የተገኘውን ደም አይቶ ከሰሰ። እኔም በዚያው ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት የጉዳት ካሣ ጥያቄ ከወንጀሉ ጋር አብሮ እንዲታይ ማመልከቻ አስገባሁ፤ የሕክምና ወጪ፣ አህያዋ ቆማ የዋለችበት ጊዜ የታጣ ገቢ፣ የቀነሰ ዋጋዋ።

ተከሳሹ ችሎት ላይ አልካደም። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መትቻታለሁ፤ አልዋሽም። ክረምት ሙሉ የለፋሁበትን ጎመን ጨረሰችብኝ» አለ። የምሬቱ እውነተኛነት በፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ያንንም ጎመን ሊሸጠው ነበር፤ እሱም ድሃ ነው።

ሕጉ ግን ለጎመኑም መልስ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2071 ጀምሮ እንደተደነገገው የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ከቁጥጥሩ አምልጦም ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የመሬቱ ባለይዞታም ጉዳት ያደረሰበትን እንስሳ ይዞ ማቆየት፣ ለባለቤቱ ማስታወቅና ካሣውን መጠየቅ ይችላል። አባቶቻችንም የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር፤ እህል የበላ ከብት ይታሰራል፣ ባለቤቱ ይጠራል፣ ግምቱ ይወጣል። ሰውየው አህያዋን አስሮ ቢያቆያት ኖሮ የጎመኑን ዋጋ የምትከፍለው ባለቤቷ ነበረች።

ከዚያ ተከሳሹ የሐኪሙን አራተኛ መስመር አነሳ። «እሷስ? ጀርባዋን አቁስላት የለ? የእኔ ብቻ ነው ወንጀል?»

ችሎቱ ጸጥ አለ። ዳኛዋ ጥያቄው ከተከሰሰበት ጉዳይ ጋር እንደማይገናኝ ገልጸው አለፉት፤ በሕጉ መሠረት ትክክል ናቸው። አንቀጽ 689 የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ንብረት ነው። አንድ ገላ ላይ ሁለት ቁስል አለ፤ በዚህ አንቀጽ የታፋው ያስከስሳል፣ የጀርባው አያስከስስም። ለአህያዋ ሁለቱም ሕመም ናቸው። ተከሳሹ ይህን ያነሳው ለራሱ ብሎ ነው፤ ቢሆንም ያነሳው እውነት ነው፤ እኔም የተወቀሰችው የወከልኳት ሴት በመሆኗ ብቻ እንዳልሰማ ልሆን አልፈለግኩም። ከዚያ ቀን በኋላ የሠራሁት ሥራ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ዕርቁ

ቀጠሮው በተራዘመበት ወቅት ሽማግሌዎች መጡ። በወሎ ሽማግሌ ደጅ ሲመጣ ገፍቶ መመለስ ከባድ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሚፈታው ጉዳይ ብዙ ነው። የመጡት በአካባቢው የተከበሩ ሸህ፣ አንድ ቄስና የዕድሩ ዳኛ ነበሩ።

ስጋት ነበረብኝ። ወንጀሉ በአቤቱታ የሚያስከስስ ስለሆነ ባለቤቲቱ አቤቱታዋን ካነሳች መዝገቡ ይዘጋል። ሁለቱ ተቃቅፈው ቡና ይጠጣሉ፤ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ከባድ ጭነት የማትችለው አህያ ግን ለቤቱ ሸክም ትሆናለች። በከተሞቻችን መሥራት ያቃታቸው አህዮች ምን እንደሚሆኑ ሁላችንም እናያለን፤ መንገድ ዳር ይለቀቃሉ፣ ሌሊት ጅብ ይበላቸዋል። በሌላ በኩል ክሱ ቀጥሎ ሰውየው ቢቀጣ መቀጮው የሚገባው ለመንግሥት ነው። ለቁስሉ መድኃኒት፣ ለአህያዋ ገለባ የሚሆን ሳንቲም ከዚያ አይወጣም።

ስለዚህ ዕርቁን አልተቃወምኩም፤ ዕርቁ በጽሑፍ እንዲሆንና አህያዋ እንድትገባበት ጠየቅኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3307 ተከራካሪዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ነገር በመተው ክርክራቸውን በውል እንዲጨርሱ ይፈቅዳል። ይህ ውል ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚወስኑት ተዋዋዮቹ ናቸው። የወንጀል ሕጉ «ይህች አህያ እስክትድን አትጫን» ብሎ ሊያዝልን አልቻለም፤ ሁለት ሰዎች ግን ይህንኑ በፊርማቸው ግዴታ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የጎመኑ ግምት ከካሣው ተቀነሰ፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ሕክምናውንና አህያዋ እስክትድን የሚያስፈልጋትን መኖ ጎረቤትየው እንዲሸፍን፣ የፈረሰውን አጥር አብረው እንዲያቆሙም ተስማሙ። ክርክሩ የተነሳው በባለቤቲቱ ላይ በሚያርፉት ግዴታዎች ነው። ሐኪሙ በጽሑፍ እስኪፈቅድ አህያዋን ላትጭን፤ ከተፈቀደም በኋላ ጭነቱ ከግማሽ ኩንታል ላይበልጥ፤ ጀርባዋ ላይ መደላድል ሳይኖር ገመድ ላይታሰርባት፤ መሥራት ካቃታት ሜዳ ላይ ላትጥላት፤ የማትድን ብትሆን እንኳ ነፍሷ በባለሙያ እጅ ያለ ሥቃይ እንዲያልፍ።

ባለቤቲቱ ተቆጣች። «አባባ፣ የተበደልኩት እኔ ሆኜ በገዛ አህያዬ እኔ ልታዘዝ? ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለች። ቁጣዋ ይገባኛል። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት ጠበቃዋ ነኝ፤ ከሌላው ወገን የመጣ አይደለም። አስቀድሜ ለብቻዋ ነግሬያት ነበር፤ ሽማግሌ ፊት ሲነበብ ግን ሌላ ሆኖ ተሰማት። መኖውና የታጣው ገቢ በካሣው የተሸፈነው ሳትጭናት እንድትቆይ መሆኑን፣ እየጫነቻት ካሣውን መቀበል እንደማይሄድ አስረዳኋት።

ሸሁ ናቸው ያረጋጓት። «አብሽሪ ልጄ። አህያዋ ያንቺ ናት፤ ማንም አይወስድብሽም። ይሄ ሰው በእጁ ለሠራው ሊከፍል ነው። አንቺም ነገ ጭነሽ ያንን ቁስል ብታባብሺው እሱ የከፈለው ለምን ይሆናል?» አሏት። ቄሱም አከሉበት። ትንሽ ቆየችና መደላድሉ ላይ ጥያቄ አነሳች፤ ማን ይሰፋዋል? የጎረቤትየው ሚስት ከአሮጌ ብርድ ልብስ እሰፋለሁ አለች። ከዚያ በኋላ ፈረመች።

ስምምነቱ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 እስከ 277 ባለው መሠረት ተመዘገበ፤ አቤቱታውም ተነስቶ የወንጀሉ መዝገብ ተዘጋ። ምዝገባው ዋና ነገር ነው። በቃል የተደረገ ዕርቅ ሲፈርስ የሚቀረው ወቀሳ ነው፤ በፍርድ ቤት የተመዘገበ ዕርቅ ሲፈርስ ግን እንደ ፍርድ በፍርድ ቤት እንዲፈጸም ይጠየቃል። ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን የሚከፍለው መቀጫም በውሉ ላይ ተቀምጧል።

የሙያ ባልደረቦቼ ሰውየው ሳይፈረድበት መቅረቱን ነቅፈውኛል። ፍርድ ለሌላው ሰው ያስተምራል የሚለው ክርክራቸው ክብደት አለው፤ አጥቂው ለመዝናናት ወይም ለበቀል ብሎ የሚያሠቃይ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም ዕርቁን አልመክርም ነበር። ይህ ሰው ግን በንዴት መታ፣ ፊት ለፊት አመነ፣ ከዚያም ገለባ እየገዛ በየሳምንቱ ያቺን አህያ ማየት ግዴታው ሆነ።

ከፊርማው በኋላ

ስምምነቱ መፈተኑ አልቀረም። ቁስሉ ገና ሳይጠግግ ባለቤቲቱ ውሃ ቸግሯት ጀሪካን ጫነችባት። ያየው ጎረቤትየው ነበር። መኖውን የሚከፍለው እስክትድን ድረስ ስለሆነ ቁስሉ ሲታደስ የሚጎዳው ኪሱ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው ለሸሁ ነገረ። ሸሁ መጥተው ጀሪካኑ እንዲወርድ አደረጉ፤ ጎረቤትየውም የራሱ ልጅ ውሃውን በእጅ ጋሪ እንዲያመጣላት ላከ። መቀጫ አልተጠየቀም። እኔ ይህን የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው።

ውሉን ስናረቅቅ ጎረቤትየውን ጠባቂ ለማድረግ አላሰብንም፤ የከፋይነቱ ግዴታ ራሱ ጠባቂ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጉዳይ ሲመጣልኝ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ ከእንስሳው መዳን ጋር አያይዘዋለሁ። አጥቂው እንስሳው በቶሎ እንዲድን እንዲፈልግ የሚያደርግ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ሐኪሙ በኋላ የፈቃድ ወረቀቱን ሰጠ፤ አህያዋ ታነክሳለች፣ ቀለል ያለ ጭነት ግን ትሸከማለች። የጀርባዋ ቁስል መደላድሉ ከተሠራ በኋላ ደርቋል።

ያልተዘጋ ክፍተት አለ። ውል የሚያስረው የተዋዋሉትን ብቻ ነው። ባለቤቲቱ አህያዋን ብትሸጥ ለሽማግሌዎቹ አስቀድማ እንድታሳውቅ ውሉ ላይ አስገብተናል፤ የገዛው ሰው ግን የግማሽ ኩንታሉም ሆነ የመደላድሉ ግዴታ የለበትም። ገበያ ላይ ለማያውቃት ሰው የተሸጠች ቀን፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረው ጥበቃዋ በሙሉ ያበቃል። ባለቤቲቱ እስካሁን አልሸጠቻትም።